ሶሌታው መስኮቱን ሲቆርጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ምእመን የራቃቸው አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት የመጻሕፍት መደብር፣ ሆቴልና ቤተ መዘክር እየሆኑ ስለ መምጣታቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ከዚያ በኋላ የታተሙትን ሁለት የአንባቢ ደብዳቤዎችም እንዲሁ። አንደኛው ጸሐፊ ነገሩን ድፍረት ብሎታል፤ እንዲህ ከሚሆን ፈርሶ ድንጋዩ ቢበተን ይሻላል ባይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባዶውን ከሚቆም የገዛው ሰው የፈለገውን ይሥራበት ይላል። ሁለቱም የመሰላቸውን በቅን ልብ እንደ ጻፉ አልጠራጠርም። ሁለቱም የተከራከሩት ግን ስለሚገባው ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚገባ ያነሣ የለም። የእኔ ዕድሜ ያለቀው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጡረታ የወጣሁ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በውጭ አገር ስሠራ አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው አሮጌ ሕንፃ በመጠገን ነው። ከእነዚህ አራቱ አገልግሎት የተቋረጠባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ሦስቱን አድነናል ብዬ አስባለሁ። አንዱን ገድለነዋል፤ የመግደያውን ስሌት የሠራሁትም እኔ ነኝ። (የምጠቅሳቸውን ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ከገደልሁት ልጀምር። ከቀይ ጡብ የተሠራ፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው 14 ሜትር የሚደርስ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነበር። የገዛው ሰው አፓርታማ ሊያደርገው ፈለገ። ለእንዲህ ያለ ሰው 14 ሜትር ቁመት ማለት ባክኖ የቀረ አራት ፎቅ ማለት ነው። እኔም ወጣት ነበርሁ፤ ሥራው ከበድ ያለ ስለነበር ደስ አለኝ። ሦስት ሶሌታ፣ ማለትም ፎቅ ከፎቅ የሚለይ የአርማታ ወለል፣ አስገባንበት። ጡቡን እየሰረሰርን ፌሮ ቀበርን፣ አርማታ ሞላን፣ ግድግዳውንና አዲሱን ወለል አንድ አካል አደረግናቸው። ያኔ "አንድ አካል" የሚለውን ቃል በሪፖርቴ ላይ እንደ ምስጋና ነበር የጻፍሁት።

መስኮቶቹ 8 ሜትር ነበሩ። ሶሌታዎቹ ሲገቡ እያንዳንዱ መስኮት ለአራት ቤት ተከፋፈለ። ምድር ቤት ያለው ነዋሪ ከኮርኒሱ ሥር ግማሽ ሜትር ብርሃን ደረሰው። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ደግሞ የመስኮቱን ሹል ጫፍ የሚያገኘው ከጉልበቱ በታች ነው፤ ውጭውን ለማየት መሬት መቀመጥ አለበት። በአንደኛው መስኮት መስታወት ላይ አንድ ሐዋርያ ተሥሎ ነበር። እግሩ አንዱ ጎረቤት ዘንድ ቀረ፣ ከወገቡ በላይ ያለው ሌላው ዘንድ፣ አክሊሉ ደግሞ ሦስተኛው ዘንድ። ቤቶቹ ሁሉም ተሸጡ። የንግዱን ሥራ ካያችሁት ውጤቱ ያማረ ነበር።

ለመጨረሻው ርክክብ በሄድሁበት ቀን አንዲት አረጋዊት ፎቶግራፍ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሠርጋቸው ፎቶ ነው። የቆሙበትን ቦታ ማየት ፈልገው ነበር። ፕላኑን ዘርግቼ መሠዊያው የነበረበትን ለካሁላቸው፤ ቦታው የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው በሊፍቱ መውጣት ይፈቀድልኛል?" አሉኝ። አብረን ወጣን፣ አብረን ወረድን። አመስግነውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዤያለሁ። አዲሱ ነገር ወደ አሮጌው ቤት የሚገባው እንደ ዕቃ ነው ወይስ እንደ ግድግዳ? ቁም ሣጥን ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ሲያስፈልግም ይወጣል፤ ክፍሉ ክፍል ሆኖ ይቀራል። ሶሌታ ከገባ ግን ክፍሉ የለም።

ይህን እንደ ተማርሁ ኔዘርላንድ ውስጥ ወዳለችው ማስትሪክት ከተማ ሄጄ የዶሚኒካን መነኮሳትን ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ጽሑፋችሁ በሁለት መስመር ያለፈው ስለሆነ እኔ ትንሽ ልቆይበት። ሕንፃው የተባረከው በ1294 ነው። አገልግሎቱ የተቋረጠው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ ጦሩ ከተማዋን በያዘበት በ1794 ነው። ከዚያ በኋላ ያልሆነው ነገር የለም፦ መጋዘን፣ የከተማው መዝገብ ማስቀመጫ፣ የቦክስ ግጥሚያ ቦታ፣ በስተመጨረሻም የብስክሌት ማቆሚያ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሰው ትዕግሥት ፈተነ ማለት ነው። በ2006 የመጻሕፍት መደብር ሆኖ ተከፈተ።

አስቸጋሪው ነገር ቦታው ነበር። መደብሩ 1,200 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ወለሉ ያለው 750 ገደማ ነው። እኔ በወጣትነቴ ብሆን መልሴ የታወቀ ነው፤ ሶሌታ። መርክስና ዢሮ የተባለው የሥነ ሕንፃ ቢሮ ግን ከአዳራሹ በአንድ ወገን ብቻ፣ በዓምዶቹ መካከል፣ ባለ ሦስት ደርብ ጥቁር የብረት መደርደሪያ አቆመ። ሰው ደረጃውን እየወጣ ውስጡ ይመላለስበታል። ግድግዳውን አይደገፍም። የሌላው ወገን ቁመት እንዳለ ክፍት ስለሆነ ከበሩ ስትገቡ ዓይናችሁ እስከ ቅስቱ ይወጣል። ከላይኛው ደርብ ላይ ሆናችሁ ደግሞ የጥንት ምእመናን በሩቅ አንጋጠው ብቻ ያዩት የነበረውን የጣሪያ ሥዕል በቅርብ ታዩታላችሁ። መጸዳጃውንና የማሽን ክፍሉን ከወለሉ ሥር ነው ያደረጉት። እኔ መጽሐፍ ለመግዛት ገብቼ አንድ ሰዓት ያህል የብረቱን እግር ስመረምር ቆየሁ። ሻጯ ዕቃ የጠፋኝ መስሏት ጎንበስ ብላ አብራኝ ፈለገች።

የዚህ አሠራር ጥቅም የታየው መደብሩ በተቸገረ ጊዜ ነው። ባለቤት የነበረው የመጻሕፍት ንግድ ድርጅት በ2014 ከሰረ። ሠራተኞቹና አንባቢዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ሱቁን ራሱን ችሎ እንዲቀጥል አደረጉት። ባይሳካላቸውስ ኖሮ? ብረቱ ይፈታል፣ ተጭኖ ይሄዳል፣ የ1294ቱ ቤት ቀጣዩን ይጠብቃል። ንግድ የሃያ ዓመት ነገር ነው። ድንጋዩ ሰባት መቶ ዓመት ቆሟል።

እዚያው ከተማ ውስጥ የመስቀል መነኮሳት ገዳም በ2005 ሆቴል ሆኗል። መኝታ ክፍሎቹ መነኮሳቱ ይኖሩበት በነበረው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑን አልሸነሸኑትም። እንግዳ መቀበያውና ምግብ ቤቱ በእርሱ ውስጥ ራሱን ችሎ በቆመ መዋቅር ላይ ተሠርቷል። ይህም ያው የቁም ሣጥኑ አሳብ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ደብዳቤ ጸሐፊ ልመለስ። "ድፍረት ነው" የሚለውን አልንቅም። ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አላቸው። በካቶሊክ ቀኖና ቁጥር 1222 መሠረት ኤጲስ ቆጶሱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ መዋሉ እንዲቀርና ለዓለማዊ አገልግሎት እንዲውል ሊፈቅድ ይችላል፤ አገልግሎቱ ግን የሚያዋርድ እንዳይሆን ይከለክላል። መሠዊያው ደግሞ ሕንፃው ስለተለወጠ ብቻ ቅድስናውን አያጣም፤ ስለዚህ አስቀድሞ እንዲነሣ ይደረጋል። ቫቲካን በኅዳር 2018 በዚሁ ጉዳይ ላይ ጉባኤ ስትጠራ ርእሱ "እግዚአብሔር ከእንግዲህ እዚህ አያድርምን?" የሚል ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም ከ1968 ጀምሮ ለዚሁ ሕግ አላት። በ1969 የተቋቋመው ጠባቂ ድርጅት ዛሬ ከ350 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ይንከባከባል፤ አንዳንዶቹን እንዳሉ ይጠብቃል፣ አንዳንዶቹን ለሌላ ሥራ ያውላል። በብሪስቶል ከሚንከባከባቸው አንዱ ከ2005 ጀምሮ የሰርከስ ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ፊቴን አጨማድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ከገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚወዛወዝ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከፍታ ነው፣ ያ ቤት ደግሞ ያለው ከፍታ ነው። ማንም ጣሪያውን ዝቅ አላደረገበትም። ማንችስተር ውስጥ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ያለው የግድግዳ መውጫ ስፖርት ማእከልም እንዲሁ። ከአፓርታማው ይልቅ ሰርከሱ ቤቱን አክብሮታል እላለሁ፤ የሚፈርድብኝ ይፍረድ።

ይፍረስ ለሚለው ደግሞ ከታሪክ አንድ ጥንድ ላቅርብ። ሮም ያለው ፓንቴዎን የጣዖት ቤተ መቅደስ ነበር። በ609 ንጉሠ ነገሥት ፎካስ ለጳጳስ ቦኒፋቲዎስ አራተኛ ሰጠውና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከጥንቷ ሮም ሕንፃዎች እንደ እርሱ ሙሉ ሆኖ የቀረ ጥቂት ነው፤ ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋቱን ይዞ ዛሬም በላያችን አለ። ያን ጊዜ "የጣዖት ቤት ነው፣ ይፍረስ" ተብሎ ቢሆን ኖሮ እኛ መሐንዲሶች ዋናውን መምህራችንን ባጣን። አቴና ያለው ፓርተኖንም ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም መስጊድ ሆኖ ለዘመናት ጣሪያው እንዳለ ቆይቶ ነበር። በ1687 ግን በውስጡ ባሩድ ተከማችቶ ሳለ የቬኒስ ጦር የተኮሰው መድፍ መታውና መካከሉ ተበተነ። አንዱን አዲስ ሥራ አቆየው፣ ሌላውን አዲስ ሥራ አጠፋው። ሁለተኛው ደብዳቤ ጸሐፊ "የፈለገውን ይሥራበት" ሲሉ ይህችን የባሩድ ነገር ቢያስቡልኝ።

ለእርሳቸው ሌላም አለኝ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሪቻርድ አፕጆን በ1840ዎቹ የሠራው የቅዱስ ቁርባን ቤተ ክርስቲያን በ1970ዎቹ ተሸጠ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከያዙት አንዱ ሱሰኞችን የሚያክም ድርጅት ነበር፤ ሻጮቹም በዚህ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ከዚያ እንደገና ተሸጠና በ1983 የምሽት ዳንስ ቤት ሆነ፤ ስሙ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር እስከሚነሣ ድረስ። ቀጥሎ የገበያ አዳራሽ ሆነ፣ ቀጥሎም ስፖርት ቤት። ችግሩ ከመጀመሪያው ገዢ አይደለም የሚመጣው። ከእርሱ የሚገዛው ሰው ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ ግዴታው በሽያጭ ውሉ ላይ ብቻ ከተጻፈ ከገዢው ጋር ይቀራል፤ በመሬቱ ሰነድ ላይ ከሰፈረ ግን ንብረቱ ወደ ማንም ቢዞር አብሮ ይዞራል። አንድ አንቀጽ ናት። አርባ ዓመት ታገለግላለች።

መስኮት የሚደፍን ሰው ካያችሁ ደግሞ ፓሪስን ንገሩት። ፓንቴዎን የሚባለው የፓሪሱ ሕንፃ ለቅድስት ጄኔቪየቭ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1791 የታላላቅ ሰዎች መቃብር እንዲሆን ሲወሰን ለሐዘን ቤት ብርሃን አይገባም ተብሎ የታችኞቹ መስኮቶች በድንጋይ ተደፈኑ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ከመንግሥቱ ጋር እየተገለባበጠ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ደግሞ መቃብር ሆነ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጸናው ቪክቶር ሁጎ በተቀበረበት በ1885 ነው። መስኮቶቹን የከፈተ ግን የለም። እስከ ዛሬ ግድግዳው ዕውር ነው።

ስለ ውበት ብዙ ስለተጻፈ ስለ እርጥበት ልጻፍ፤ ማንም የማይጽፍበት ነገር ነውና። እኔ ከሠራሁባቸው አንዱ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ በተከፈተ በመጀመሪያው ክረምት ከቅስቱ ላይ ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ። ባለቤቶቹ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው ተቆጡ። ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ ደረቅ ነው። ውኃው የሰው ትንፋሽ ነበር። ያ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ሰው ሲገባበት የኖረ ነው። አሁን በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት መቶ ሰው ይተነፍስበታል፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ሲነካ ውኃ ይሆናል። ባለቤቶቹ ትልልቅ ማሞቂያ ገዝተው ጠዋት ጠዋት በኃይል ያሞቁት ነበርና ነገሩን አባሱት። ማሞቂያውን ከወለሉ ሥር፣ ለስለስ አድርገን፣ ሌሊትም ሳይቋረጥ እንዲሠራ አደረግነው። አየሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ደወሉ ማማ ላይ የነበሩትን የድሮ መከፈቻዎች መልሰን ከፈትን። ከዚህም ሌላ ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ተቋራጭ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል በሲሚንቶ ለስኖት ነበር። አሮጌ ግንብ የሚተነፍሰው በኖራው ነው፤ ሲሚንቶ አፉን ይዘጋበታል፣ እርጥበቱም ወደ ላይ ይወጣና ድንጋዩን ይበላዋል። ያን ልስን በመሮ እየነቀልን በኖራ እስክንመልሰው ድረስ ስምንት ወር ፈጀብን። የሕንፃውን ምረቃ በፎቶ ያነሱ ሁሉ በዚያን ወቅት አልነበሩም።

ስለ ድምፅም እንዲሁ። ለዝማሬ የተሠራ አዳራሽ ድምፅን ለሰከንዶች ይዞ ያቆየዋል። ዜማ ሲሆን ያምራል፣ ንግግር ሲሆን ግን የአንዱ ቃል ጅራት በሌላው ራስ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በእኔ ግምት ከአዲስ ሥራዎች ሁሉ በቀላሉ የሚስማማው ሙዚቃ ነው። ለንደን ውስጥ በስሚዝ አደባባይ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በ1941 በቦምብ ተቃጥሎ ከቆየ በኋላ በ1969 የኮንሰርት አዳራሽ ሆኗል።

ከወለሉ ሥር ያሉትንም አትርሱ። ለንደን ላምቤዝ ያለው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1972 አገልግሎቱ ቀርቶ ሊፈርስ ነበር። ትራድስካንት የሚባሉት አባትና ልጅ፣ ዝነኞቹ አትክልተኞች፣ በግቢው ተቀብረዋልና በ1977 የአትክልተኝነት ቤተ መዘክር ተደርጎ ዳነ። በኋላ አዲሱ የማሳያ ክፍል በውስጡ ሲሠራ ከእንጨት ሆኖ ለብቻው ቆመ። በ2016 ለተጨማሪ እድሳት ወለሉ ሲነሣ ግንበኞቹ ድንገት ጉድጓድ አገኙ፤ በውስጡ 30 የእርሳስ ሬሳ ሣጥኖች፣ በአንዱ ላይ የሊቀ ጳጳስ አክሊል። ከእነርሱ መካከል የካንተርበሪ ሊቃነ ጳጳሳት ነበሩበት። እንግዲህ በዚያ ወለል ላይ አርባ ዓመት ሰው ሲመላለስ ማንም አላወቀም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የምሰሶ መሠረት በጥልቀት ልቆፍር የሚል መሐንዲስ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ሸክሙን ሰፋ ባለ ላሜራ ላይ አሳርፎ በወለሉ ላይ ማከፋፈል ይቻላል፤ ስሌቱ ይከብዳል እንጂ ይሠራል።

ከአራቱ የመጨረሻው ሥራዬ ላይ እንዲሁ አደረግን። በብየዳ ፈንታ ሁሉንም በብሎን አሰርን። አግዳሚ ወንበሮቹን ስናነሣ በየጀርባቸው ቁጥር ጻፍንባቸው፤ አርባ ስምንት ነበሩ፣ አርባ ስድስቱ ዛሬም ከደወሉ ማማ ሥር ተደርድረው አሉ። ሁለቱን ቄሱ ለመታሰቢያ ወሰዷቸው። ከፕላኖቹ መጨረሻ ላይ "አፈታት" የሚል አንድ ወረቀት ጨመርሁ፤ የትኛው ብሎን ቀድሞ ይፈታል፣ የትኛው ምሰሶ በስንት ሰው ይነሣል የሚል። አለቃዬ ስቆብኝ ነበር። "የሠራኸው ሳይመረቅ ማፍረሻውን ጻፍህ" አለኝ። እኔ ሊፍቱን እያሰብሁ ነበር።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ለአንባቢዎቹ ሳይሆን ለፎቶ አንሺያችሁ። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ ስታሳዩን ጣሪያውንና ባለቀለሙን መስታወት ብቻ አታንሡልን፤ እነርሱ በማንኛውም ፖስት ካርድ ላይ አሉ። ጎንበስ ብሎ አዲሱ ብረት አሮጌውን ወለል የሚነካባትን ቦታ ያንሣልን። በብሎን ነው የተያዘው ወይስ በአርማታ? ከዚያች ፎቶ ሌላውን እኛ እንገምተዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ የሕንፃ መሐንዲስ